የሁዳዴው ጠብታ

ይህን የምጽፈው በቀኝ ዓይኔ እያየሁ ነው። ሊወጣ ነው የተባለው ዓይን እሱ ነው። ግራው ከድሮም የለም ማለት ይቻላል፤ ሞራ ከጋረደው ብዙ ክረምት ሆኖታል፣ ቀንና ማታን ይለይልኛል እንጂ የሰው ፊት አያሳየኝም። ስለዚህ ከሁለት ዓይን አንዱን ላጣ ነበር አልልም። ያለኝ እሱ ብቻ ነበር።

እንጉዳይ እባላለሁ። የተማሪ ቤት ደጅ አልረገጥሁም፤ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ልጅ አዝዬ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። አጻጻፌ እንደ ወሬዬ ቢሆንባችሁ ታገሡኝ። ባሌ ካረፈ ወዲህ እግሬ አንድ ቤት አያውቅም። ሴት ልጄ የሺ ፍኖተ ሰላም ናት፣ ወንዱ ልጄ አለሙ ከጅጋ ወጣ ብሎ ገጠር ያርሳል፣ ታናሽ እህቴ ቡሬ ናት። ክረምቱን አንዱ ዘንድ፣ አጨዳውን ሌላው ዘንድ፣ በመሃል ደግሞ ስንቄን ቋጥሬ ግሽ ዓባይ ጠበል እወርዳለሁ። ልጆቼ መቼ ነው የሚያርፉት ይሉኛል። እኔ የማርፈው ስሄድ ነው። ዓይን ከሌለ ግን መሄድ የለም፤ የሰው ትከሻ መያዝ ነው፣ እሱም ሰውየው ወደሚሄድበት ነው። የፈራሁት እሱን ነው። ሞትን እንኳ እንደዚያ አልፈራሁትም።

ነገሩ የጀመረው ከጥምቀት በኋላ በአንድ ሐሙስ፣ በአለሙ አውድማ ላይ ነው። ስንዴ ይወቃ ነበር። በእኛ ሰፈር ሴት አውድማው መሃል አትገባም፤ ከዳር ሆና የተበተነውን ትሰበስባለች፣ እብቁን ትጠርጋለች። እኔ ደግሞ ዳር ዳሩን መሄድ አልወድም። ወንዶቹ በመንሽ እያነሱ ሲበትኑት ቀረብ ብዬ እጠርግ ነበር። ነፋሱ ዞረ። አንዲት የእብቅ ስባሪ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ገባች።

ምን አደረግሁ? እናንተም የምታደርጉትን። በነጠላዬ ጫፍ አሸሁት። የአለሙ ሚስት ዓይኔን ገልጣ በምላሷ ልታወጣልኝ ሞከረች፣ የወጣም መሰለን። በሦስተኛው ቀን ዓይኔ ቀላ፣ እንባው አልቆም አለ፣ የበሩ ብርሃን እንደ እሾህ ይወጋኝ ጀመር። ጎረቤታችን ዳማከሴ ጨምቃ ጠብ አደረገችልኝ። ክፋት የለባትም፤ ለእናቷ የምታደርገውን ነው ያደረገችልኝ። ዓይኔ ግን ያን ሌሊት ሙሉ እንደ ፍም ሲያቃጥለኝ አደረ።

በገበያ ቀን ወደ ከተማ ወርጄ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። የትኛው ከተማ እንደሆነ አልናገርም፤ የምጽፈው ሰውየውን ለመክሰስ አይደለም። ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ አየኝና አቧራ ያስቆጣው ነው ብሎ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ሰጠኝ። እውነቱን ልናገር፣ በሁለተኛው ቀን ቅላቱ ጠፋ፣ ሕመሙም ቀለለኝ። ሰውየውን መረቅሁት። በኋላ ሐኪሟ እንደነገረችኝ ያ ጠብታ ስቴሮይድ የሚሉት ነው። ለሌላ በሽታ ደግ ነው አሉ። ቁጣን ያበርዳል፤ ነገር ግን ቁጣው የሰውነት ዘበኛ ነው፣ ዘበኛውንም አብሮ ያስተኛዋል። እኔ ዳንሁ ብዬ ጠብታውን ስጨምር ውሻዬን እያስተኛሁ በሬን ለሌባ እከፍት ነበር።

በሳምንቱ ፍኖተ ሰላም የሺ ዘንድ ሄድሁ። ገና ከደጅ ሳልገባ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝ። በዓይኔ ጥቁሩ ላይ የምስር ክክ የምታህል ነጭ ነገር አለች። እኔ ሰው ሁሉ ጭጋግ ውስጥ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ለካ ጭጋጉ እኔ ላይ ነው።

አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የመረመረኝ ልጅ ትሑት ነው፣ ቸኩሏል እንጂ። ግራ ዓይኔን አየና ቀኙንም በእሱ ፈረደው። ዕድሜ ነው፣ ሞራ ነው፣ የዓይን ዘመቻ ሲመጣ ይገፈፍልዎታል አለኝ።

«ልጄ፣ እርጅና ቀስ ብሎ ነው የሚመጣ» አልሁት። «ይሄ ሐሙስ ዕለት ነው የመጣ።»

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ቅባት ጽፎ ሰጠኝ። ቅባቱን ተቀባሁት። ነጩ ነገር አልተነቀነቀም። ሌሊት ሌሊት ግራ ዓይኔን በእጄ እከድንና በቀኙ የኩራዟን ነበልባል እፈልጋለሁ። አንድ ሌሊት ነበልባሉን አጣሁት፤ የታየኝ የብርሃን ጥጥ ብቻ ነው። ሲነጋ የሺን ቀሰቀስኋትና ባሕር ዳር ውሰጂኝ አልኋት። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል፤ በተከፈተበት ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ተሳፈርን።

የዓይን ሕክምናው ቤት አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው፤ አንዱ ዓይኑን በሻሽ ጠምጥሟል፣ አንዱ በመዳፉ ደግፏል። አጠገቤ የደምበጫ ሴት ተቀምጣለች፣ የራሷም ዓይን ታሽጓል። ስም በተጠራ ቁጥር ጉልበቴን ነካ እያደረገች «አሁን ዘጠነኛ ነዎት፣ አሁን ስምንተኛ ነዎት» ትለኛለች። ቆሎም አካፈለችኝ። ስሟን ሳልጠይቃት ተለያየን። እግዚአብሔር ዓይኗን ያብራላት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ከየሺ ታንሳለች። ከየት እንደጀመረ ጠየቀችኝ፤ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። አውድማውን ስነግራት እጇን አቆመች። የሚያደነዝዝ ጠብታ አድርጋ በቀጭን ስለት ከነጩ ላይ ፋቅ አደረገችና በማጉያ መነጽር ልታየው ገባች። ስትመለስ እንዲህ አለችን፤ ይሄ ፈንገስ የሚሉት ነው፣ የዓይን ሻጋታ በሉት። ከእብቁ ጋር ገብቶ የዓይኔ መስታወት ላይ ክር እየዘረጋ ነው። እዚያ ላይ ካርዴን አየችና ፈገግ አለች፤ ፈንገስ እኮ የእንጉዳይ ወገን ነው አለችኝ።

«እንግዲያስ ዘመድ ነው የገባብዎ» አለች የሺ።

«ዘመድ ቢሆን ደጅ ቆሞ ያስፈቅድ ነበር» አልሁ።

መድኃኒቱ ናታማይሲን ይባላል። ስሙን የሺ ወረቀት ላይ ጽፋልኝ ነው የያዝሁት። ትንሽ ጠርሙስ ናት፣ ውስጧ ነጭ ነው፣ ሲቀመጥ ከታች ይዘቅጣል፣ ሲነቀነቅ ልክ አጓት ይመስላል። ቀን በየሰዓቱ አንድ ጠብታ፣ ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ አለችኝ። ሻጋታን እኔም አውቀዋለሁ፤ ዳቦ ላይም እህል ላይም ታግዬዋለሁ። እውነት በአንድ ጠብታ ይሞታል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ልታጽናናኝ ብላ ባሕር ማዶ ይህንኑ መድኃኒት አይብ ላይ እንደሚቀቡት ነገረችኝ። የእነሱ አይብ ደረቅ ነው፣ ወራት ይቀመጣል፣ ልባሱ እንዳይሻግት በጥቂቱ ይቀባል፣ ሰው ይበላዋል፣ ምንም አይሆንም አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ የተናገረችውን አልሰማሁም። አይብ የምትለዋ ቃል ጆሮዬን ደፈነችው። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ቀን ነበር የቀረው።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቀመስም፤ ወተትና የወተት ነገር ደግሞ እስከ ፋሲካ ድረስ ጨርሶ አይነካም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን ሽሬ አላውቅም። አራስ ሆኜ፣ ካህኑ ፈቅደውልኝ፣ እምቢ ብያለሁ። ሁለቱን ቀን ጠብታውን እንደታዘዝሁት አደረግሁ። ባደረግሁት ቁጥር ጥቂት ቆይቶ ጣዕሙ ጉሮሮዬ ላይ ይመጣል። በዓይን ይግባ እንጂ የሚወርደው በጉሮሮ ነው። መልኩ አጓት፣ ሥራው የአይብ። ሰኞ ጾሙ ሲገባ ጠርሙሷን ከራስጌዬ አንስቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኋት።

ጨርሼም አልተውኋትም። ዓይኔንም ወድጄዋለሁ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ይቅር በለኝ እያልሁ፣ አንዴ ሁለቴ ጠብ አደርግና አፌን እጉመጠመጣለሁ። የሺ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ጠዋት ወጥታ የምትገባው ሲመሽ ነው። ጠብታውን አደረጉ ወይ ስትለኝ አዎ አድርጌያለሁ እላታለሁ። ሌሊት ስትነሣ እኔው አደርጋለሁ፣ ተኚ ብዬ እመልሳታለሁ። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

በሳምንቱ ባሕር ዳር ተመለስን። ሐኪሟ በመሣሪያዋ ስታየኝ ትንፋሿ ሲቆም ሰማሁ። ነጩ ሰፍቷል፣ ወደ ውስጥም እየገባ ነው አለች። መድኃኒቱን እንቢ ካለና ውስጥ ከደረሰ፣ ሌላውን እንዳያውክ ዓይኑን ማውጣት ሊኖርብን ይችላል አለች። የሺ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

«አይወጣም» አልሁ።

«እማማ፣ እኔም እንዲወጣ አልፈልግም።»

«እንግዲያው ሁለት ሆነናል። አይወጣም።»

ሐኪሟ ጠርሙሷን ከየሺ እጅ ተቀበለችና ወደ መስኮቱ አንስታ አየቻት። ነቀነቀቻት። 

«ይህቺ ባለፈው የሰጠኋችሁ ናት?»

«እሷው ናት» አለች የሺ።

«በየሰዓቱ ቢሆን ኖሮ ባዶ ሆና ሌላ ትገዙ ነበር። ይህቺ ግን ገና እኩሌታዋ አለ።»

ወልጄ ያሳደግኋት ልጅ እንደ ዳኛ ዞራ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ምን ልደብቅ። «ጾም ነው» አልሁ።

ሐኪሟ ትስቅብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልሳቀችም። በርጩማዋን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ምን እንደመሰለኝ ጠየቀችኝ። የአይቡን ነገር ስነግራት ግንባሯን ያዘች፤ አፌን ነው የምመታው አለች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ናታማይሲን የወተት ዘር የለበትም፤ የሚገኘው አፈር ውስጥ ከምትኖር በዓይን ከማትታይ ረቂቅ ፍጥረት ነው። አይብ ላይ የሚቀባው አይብን ሊጠብቅ እንጂ አይብ ሆኖ አይደለም።

«ጨው ሥጋ ላይ ቢነሰንሱት ጨው ሥጋ ይሆናል እማማ? እርስዎ በሁዳዴ ጨው ትተዋል?»

ጉሮሮ ስለመውረዱም መላ ሰጠችኝ። ዓይንና አፍንጫ የሚገናኙባትን ጥግ በጣት ጫን ብሎ መያዝ ነው፤ ጠብታው ዓይን ላይ ይቆያል፣ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው ጥቂት ይሆናል። እስከ መቼ ልያዝ ብላት፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደግሙ አለችኝ። ይህን ያለችኝ ጊዜ የእኛው ልጅ መሆኗን አወቅሁ። ቢሆንም ልቤ አልተፈታም፤ የነፍስ አባቴን ሳልጠይቅ በጾም ሰዓት አላደርግም አልኋት።

«እማ፣ ዓይንዎ እየጠፋ ነው» አለች የሺ፣ ድምጿ ተሰብሮ። «የማንን ፈቃድ ነው የሚጠብቁት?»

ሐኪሟ እጇን ያዘቻትና ወደ እኔ ዞረች። ሦስት ቀን ልስጥዎት፣ ከሦስት ቀን በኋላ እኔም የማደርገው አይኖረኝም አለችኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተሳፍረን አውቶብሱ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ የሺ ልትወርድ ተነሣች። እኔ ወንበሬን አልለቀቅሁም፤ ጅጋ ነው የምሄደው አልኋት። ተቆጣች፣ ተቀመጠች፣ አብራኝ መጣች። ከጅጋ ወርደን በእግራችን ሄድን። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋን ይዤ ነው የሄድሁት፤ ድንጋዩ አልታይ ብሎኝ። እንግዲህ እንደዚህ ነው የምኖረው ወይ እያልሁ በየእርምጃው ጥርሴን እነክስ ነበር።

የነፍስ አባቴ ቄስ ገበየሁ በእርጅናቸው ምላሳቸው አልደከመም። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ እብቁን፣ አይቡን፣ ለልጄ የመለስሁላትን መልስ። ጠርሙሷን ተቀብለው ነቀነቁና አዩዋት።

«ስንት ቀን ነው ይህችን የጾምሻት?»

«ስምንት ቀን፣ አባቴ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ጾም አይደለም፤ እልህ ነው።»

ይህ ቃል ከስለቱ ይልቅ ወጋኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ እሄድ ነበር። ያን ቀን ግን አንገቴ አልደፋ አለኝ።

«እልህ ባይኖረኝ እዚህ አልደርስም ነበር አባቴ» አልኋቸው። «ሞራ ነው ሲሉኝ ዕድሜ ነው ሲሉኝ ተቀብዬ እቀመጥ ነበር።»

ሳቁ። የሺን አዩና «ይህችን ሴት ሃምሳ ዓመት አውቃታለሁ፣ በግድ ጸበል እንኳ አትጠጣም» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እልህሽን አልቀማሽም፤ አዞርልሻለሁ እንጂ። ከዛሬ ጀምሮ ቀኖና ሰጥቼሻለሁ። በየሰዓቱ አንድ ጠብታ፣ በጠብታው ላይ አንድ አቡነ ዘበሰማያት። አንዲት ያስቀረሽ እንደሆነ መጥተሽ ትናዘዢያለሽ። እህሉን በአቅምሽ ጹሚ። ጠብታውን መጾም ግን አልተፈቀደልሽም።»

መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ገና ከቅጥሩ ሳንወጣ ዛፍ ሥር ቆምሁና የሺ ጠብ አደረገችልኝ። ጥጉን በጣቴ ያዝሁ፣ አቡነ ዘበሰማያትን ደገምሁ። ጉሮሮዬ ላይ የመጣ ነገር የለም። ጊዜው ገና ስድስት ሰዓት ነበር፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት።

ከዚያ በኋላ ቀኖናዬን እንዴት እንደያዝሁት የሺ ትመስክር። ስልኳን በየሰዓቱ እንዲጮህ አድርጋ ትታልኝ ትሄዳለች። የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ በፀሐዩ ጥላ እገምታለሁ፣ ስጠራጠር ደግሞ ጎረቤት እልካለሁ። ሌሊት የሺ ትነሣለች፤ እኔ ግን ቀድሜያት ተነሥቼ ተቀምጬ ታገኘኛለች። ጠርሙሷ አለቀች፣ ሁለተኛዋም አለቀች። ሦስተኛዋ በከተማው ጠፍታ ቡሬ ያለችው እህቴ ከባሕር ዳር በሚመጣ ሹፌር እጅ አስልካልኛለች። የሚያመኝ ሲቀንስ ልተወው ወይ የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ አያውቅም፤ ቀኖና ስለ ቀለለ አይተውም።

በመጀመሪያው ሳምንት ነጩ ባለበት ቆመ። ሐኪሟ ቆሟል ስትል የሺ እጄን ጨመቀችው። በሁለተኛው ጠርዙ ደበዘዘ። ጠብታው በቀን ስምንት ሆነ፣ ከዚያ ስድስት። በሆሳዕና ዕለት ሰዉ ግንባሩ ላይ ያሰረውን ዘንባባ ከሩቅ ለየሁት። በፋሲካ የሺ አይብ አቀረበችና ቆማ አየችኝ፤ ሳቋን ልትይዘው አልቻለችም። እኔም በጣቴ አንስቼ ወደ ዓይኔ አስጠግቼ አየሁት፣ ደህና አድርጌ አየሁትና ጎረስሁት።

ዛሬ ጥቁሩ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። በመስኮት መስታወት ላይ ጣት እንደነካው ያህል ነው። በመርፌ ክር አላስገባም፣ ሰው ግን እለያለሁ፣ መንገድ እለያለሁ፣ ይህን ደብተር እጽፋለሁ። ግራውንም ሞራውን እንገፍፈዋለን ብላኛለች፤ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው።

ለእናንተ የምለው ይህ ነው። ዓይናችሁ ውስጥ ገለባ ወይም እንጨት ነገር ከገባ አትሹት፣ ቅጠል አትጭመቁበት። ስም የማታውቁትን ጠብታ ደግሞ ቅላቱን ስላጠፋ ብቻ አትመኑት። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ከየት እንደጀመረ ንገሩት። ጾም ላይ ከሆናችሁ እንደ እኔ መስኮት ላይ አስቀምጣችሁ አትደብቁ፤ ሐኪሙንም ካህኑንም ጠይቁ። ዕድሜ ነው ያሏችሁ እንደሆነ ደግሞ ቀኑን ንገሯቸው።

ዘንድሮ ጥር ላይ አለሙ አውድማውን ለቅልቆ ስንዴውን ሲከምር ሄድሁ። እማ፣ ዘንድሮስ ከጥላው ሥር ይቀመጡ ብሎ አጎዛ አነጠፈልኝ። መጥረጊያዬንም ደብቆታል። ከነጠላዬ ሥር የሞተር ነጂዎች የሚያደርጉትን መነጽር አወጣሁ፤ ዓይንን ከዳር እስከ ዳር የሚከድነውን፣ ላስቲኩ አናት ላይ የሚታሰረውን። ሻሼ ላይ አጠለቅሁት። ወንዶቹ መንሻቸውን ተደግፈው ሳቁ፤ እማማ፣ ሞተሩን የት አቆሙት አለኝ አንዱ። የት እንዳቆምሁት ስትጨርሱ እነግራችኋለሁ አልሁትና አለሙን መጥረጊያዬን አምጣ አልሁት። አየኝ፤ ልጄ ነውና ያውቀኛል። ሄዶ አመጣልኝ።

ከዳሩ ቆሜ መጥረግ ጀመርሁ። ወንዶቹ አነሡ፣ በተኑ፣ እብቁ እንደ ጉም ተነሣ። ነፋሱ ዞረ። እኔ አልዞርሁም።